ከጽሑፉ የረዘመው የስም ዝርዝር

መርሳ ከተማ ስንማር ከጓደኛዬ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። እኔ አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ እንወጣ ነበር። አሁን እኔ ወልድያ ላይ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ፊዚክስ አስተምራለሁ። እሷ ባሕር ማዶ፣ ከመሬት በታች በተቀበረ ትልቅ ቀለበት ውስጥ ቅንጣቶችን እያጋጩ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ትሠራለች።

ስንት ጽሑፍ እንዳወጣች ከራሷ ይልቅ እኔ ሳላውቅ አልቀርም። አርብ አርብ፣ ቢሮ የምንጋራው መምህራን ለምሳ ሲወጡ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጌ ቁጥሩን አያለሁ። ቀንሶ አያውቅም። የእኔ የማስተርስ ጥናት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነው፤ አንድ ኮፒ።

«የመጀመሪያ ጽሑፌ ወጣ» ብላ የጻፈችልኝ ቀን የደራሲዎቹን ዝርዝር ከፍቼ በራሷ ስም ፈለግኋት። ክፍል ውስጥ የምንጠራው በራሳችን ስም ተራ ነበርና ሌላ አልመጣልኝም። አጣኋት። ዋሽታለች ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እዚያ ሰው የሚደረደረው በአባቱ ስም መሆኑ ትዝ ያለኝ በማግሥቱ ነው። ተመልሼ ሳይ አለች። የአባቷ ስም ሙሉውን፣ የእሷ አንድ ፊደል ብቻ።

ባለፈው ሰኔ አባቷ ቢሮዬ መጡ። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ በመስኖ ማንጎና ፓፓያ የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። በአንድ እጃቸው ፓፓያ በፌስታል፣ በሌላው የወረቀት ክምር ይዘዋል። ልጃቸው በስልክ የላከችላቸውን ጽሑፍ መርሳ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመውት ነው።

«ይቀመጡ አባባ። ቤተሰብ ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ። ባለ ፎቶ ኮፒው ወረቀት ጨረሱብኝ ብሎ ሊጣላኝ ነበር። ይህ ሁሉ ምንድን ነው ልጄ?»

«አብዛኛው የጸሐፊዎቹ ስም ነው። ከጽሑፉ ስሙ ይረዝማል።»

ወንድማቸው በሰው ፊት «ልጅህ እዚያ የፈረንጅ ዕቃ ጠራጊ ሆና ይሆናል» ብሏቸው ኖሯል። ነገሩ ከንክኗቸው ነው የመጡት።

«አንቺ አብረሻት የተማርሽ ነሽ። ከዚህ ውስጥ የሷ ሥራ የቱ ነው? ንገሪኝና መልሱን ይዤለት ልግባ።»

አውቀው ነበር። ራሷ ጽፋልኛለች። ቅንጣቶቹ በሚያልፉበት መሣሪያ ላይ የአንዲት ጠባብ ክፍል ንባብ ልክ መሆኑን እየፈተሸች ስታስተካክል ነው የኖረችው። የእሷ ክፍል ከተሳሳተ የሁሉም ስሌት ይሳሳታል። ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«ሺዎች ሆነው ነው የጻፉት» አልኩ። «የማን ሥራ የቱ እንደሆነ አይታወቅም።»

ወረቀቱን አጥፈው ፓፓያው ፌስታል ውስጥ መክተት ጀመሩ።

«አብሽሪ» አሉኝ፣ እኔን ሊያጽናኑ። «አንቺም ካላወቅሽው ማንም አያውቀው።»

አንደኛ እወጣ የነበርኩት እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«እስቲ ይስጡኝ» ብዬ ወረቀቱን መልሼ ተቀበልኩ። ገጹን ለማግኘት አልተቸገርኩም። በእስክሪብቶ አሰመርኩበት። «ይኸው፣ የእርስዎ ስም። ከፊቱ ያለችው አንድ ፊደል እሷ ናት።»

«ለፍታ ለፍታ እኔን አስጠራችኝ?» ሳቁ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው ሳያነሡ ቆዩ።

ከዚያ ስለ መሣሪያው ነገርኳቸው። ቅድም አይታወቅም ያልኩትን ለምን እንዳልኩ አልጠየቁኝም።

«የውሃ አባት ናታ» አሉ፣ መስኖ የሚያከፋፍለውን ሰው ማለታቸው ነው። «እሱ ሲሳሳት የሁላችንም ማሳ ነው የሚበላሸው።»

«ልክ እንደሱ።»

ለተማሪዎቼ እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም። እሱም አስቀናኝ።

«የአባትሽ ስምስ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ ገጹን እያገላበጡ። አባቴ መርሳ መካኒክ ነው፤ የውሃ ሞተራቸውን የሚጠግነው እሱ ነው።

«የለም አባባ። እኔ እዚያ አልሠራም።»

«ታዲያ ከታች ጻፊው። ያነበበችልኝ ብለሽ፣ ስምሽን ከነአባትሽ። ወንድሜ ማን ነገረህ ካለኝ አሳየዋለሁ።»

በአማርኛ ጻፍኩት። የራሴንም የአባቴንም ስም፣ ምንም ሳላሳጥር። ያን ገጽ ከክምሩ ለይተው ኮታቸው ኪስ ውስጥ አስገቡት፤ የቀረውን ይዘው፣ ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ፓፓያውን ለካ ለእኔ ነበር ያመጡት።

አርብ ዕለት እንደ ልማዴ ቁጥሩን አየሁ። ጨምሯል። ቀናሁ። ከዚያ አዲሱን ጽሑፍ ከፈትኩና፣ አባባ ይዘውት ሲመጡ እንዳልቸገር፣ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ።