ለአያ ሞላ የሰጠኋቸው አፅም

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ቀርቤ ውሸቴንም ስካሬንም ስናዘዝ ይህን ግን ዋጥኩት። እናንተ ስሙኝ።

ያደግሁት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ከጎንደር ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጡ ወገኖቻችን ሀዋታ አካባቢ ሲሞቱ እዚያው እርሻው ዳር ይቀበራሉ። በዚያ ጥቁር አፈር ለምልክት የሚሆን ድንጋይ የለም፤ የእንጨቱን መስቀል ማገዶ ፈላጊ ይነቅለዋል፣ ክረምት ሲገባ ትራክተር ያልፍበታል። አፅም ወደ አገሩ ሊያፈልስ የመጣ ዘመድ ሜዳው ላይ ቆሞ አልቅሶ ይመለሳል።

እኔ ኮምፒውተር ተምሬያለሁ፤ ያን ሰሞን ብሎክቼይን የሚሉት ነገር ልቤን ወስዶታል። ሙታኑን ሁሉ ያስቀበሩትን ሽማግሌ፣ አያ ተገኘን፣ የየመቃብሩን ቦታ በስልኬ ለክቼ የክሪፕቶ ገንዘብ በሚመዘገብበት መረብ ላይ ልጻፈው አልኳቸው። «ኸላስ፣ በቃ፣ እዚያ የተጻፈ አይጠፋም» አልኩ። አመኑኝ። በዚያ ፀሐይ እያዞሩ አሳዩኝ።

መረቡ ግን ሁለት ነው። በዋናው ላይ ለመጻፍ ይከፈላል። መሞከሪያው ነጻ ነው፤ ፕሮግራም የምንሠራ ሰዎች ሥራችንን የምንፈትንበት፣ ሳንቲሙ የውሸት፣ ባለቤቶቹ በፈለጉ ቀን የሚዘጉት። እኔ በመሞከሪያው ጻፍኩ። ሲሳካ ወደ ዋናው አዛውረዋለሁ ብዬ ነበር። መቼ አዛወርኩ? ሊዘጋ ነው ሲባል ሰምቼ ነገ ነገ ስል ተዘጋ። ቅጂ እንኳ አላስቀረሁም። የሙት አደራ በመሞከሪያ ላይ ይቀመጣል? እኔ አስቀመጥኩ።

አያ ተገኘ ካረፉ በኋላ አያ ሞላ የሚባሉ አባት መዝገቡ እኔ ጋ እንዳለ ሰምተው ከአርማጭሆ መጡ። የልጃቸውን የጌትነትን አፅም ሊወስዱ ነው። ጠፍቶብኛል ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። ይዣቸው ሀዋታ ሄድኩ፤ ባዶውን ስልክ እያየሁ የማነብ መሰልኩ፤ ከአንድ ግራር ሥር ጎድጎድ ያለ ቦታ አይቼ እዚህ ነው አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ ልጄ?»

«እዚህ የተጻፈ አይጠፋም።»

ተቆፈረ፤ አፅም ተገኘ። አያ ሞላ ጥርሱን በጣታቸው ጠራርገው «የናቱ ጥርስ» አሉና አለቀሱ። እኔ አብሬ አለቀስኩ። እሳቸው ለልጃቸው፣ እኔ ለምን እንደሆነ እኔው አውቃለሁ። በነጭ ነጠላ ጠቅልለው ወሰዱት።

ያ የማን ልጅ ነበር? እሱንስ የምትጠብቅ እናት የለችም? ጌትነት ዛሬም ከሰሊጡ ሥር ነው፤ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። ልጅ ነበርኩ አልልም። መረቡን ዘጉብኝ አልልም፤ እንደሚዘጋ አውቅ ነበር። ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ ያዝኑ ነበር እንጂ አይታለሉም ነበር። ያታለልኳቸው እኔ ነኝ፣ ከሀፍረቴ ልድን ብዬ።

በቅርቡ አያ ሞላ ደወሉ። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ ሲሞቱ «ከልጄ ጎን አድርጉኝ» ብለው ስለነበር እዚያው ተቀብረዋል። ነገሩን ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ከልጇ ጋር ያሳረፍሃት አንተ ነህ። እግዜር ይስጥህ» አሉኝ።

አሜን አልኩ።