ከአምስት አንድ

ባለፈው ሐሙስ ከባቢሌ ስመለስ የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰና ሁላችንም ወርደን መንገድ ዳር ቆምን። ረዳቱ ክሪክ ፍለጋ ሲራወጥ፣ ከመንገዱ በታች ካለ ማሳ ውስጥ አንድ ሰው የውሃ ሞተር አስነሣ። ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳለና ያዘ። መጀመሪያ የቤንዚን ሽታ መጣ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ደረቅ አፈር ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ያ ሽታ። አጠገቤ የቆሙት እናት «እንዴት ደስ ይላል» አሉ። እኔን ግን ጥርሴን አስነከሰኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ቆይቶ ያ ሽታ አሁንም ደሜን ያፈላዋል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከመሀል አገር ለንግድ መጥቶ ጅጅጋ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ እዚያው ተወልጄ ሶማሊኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስሯሯጥ ለመድኩት። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ቤት በተቀመጥኩበት ሰሞን አንድ ፕሮጀክት ሶማሊኛ የሚችል መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋል ተባለ። ሥራው ገጠር ወርዶ፣ ገበሬውና ከብት አርቢው ምን ያህል «የሥራ ፈጠራ ባሕርይ» እንዳለው በቅጽ እየጠየቁ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ መስጠት ነበር። ብዙ ነጥብ ላመጡት የውሃ ሞተር ይሰጣቸዋል። እኔም ደስ አለኝ፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር፣ አንገቴ ላይ የሚንጠለጠል ባጅም ነበረው።

አስተባባሪያችን ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ስንናገር ስልኩን የሚያይ ሰው ነበር። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሁለት ቀን አሠለጠነን። ከሥልጠናው ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ከቅጹ ሣጥን ውጪ አንዲት ቃል እንዳትጽፉ።

ሦስተኛ ቀናችን ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደረቅ ወንዝ ዳር አንዲት ሴትዮ ደረሰችኝ። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ፣ ቀጠን ያለች፣ እጇ በአካፋ የሻከረ ሴት ነበረች። በቀደመው ዓመት የዘራችውን ማሽላ አንበጣ እስከ አገዳው በልቶባታል። ሌላው ሰው ተመልሶ ማሽላ ሲዘራ፣ እሷ ከነበሯት ሁለት ግመሎች ለመውለድ አንድ ወር የቀራትን ሸጠች። በዚያ ገንዘብ የወንዙን አሸዋ አስቆፈረች፣ የጉድጓዱን አፍ በድንጋይ አስያዘች፣ ሃያ መደብ ሽንኩርት ተከለች። እርጉዝ ግመል ሸጦ ሽንኩርት! ይህን የነገሩኝ ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ። ውሃ የምትስብበትን ሞተር ያዋሳት የባሏ ወንድም ሲሆን በወሩ መጨረሻ ለራሱ ማሳ ይወስደዋል። ሽንኩርቱ ደግሞ ከዚያ በኋላ ገና አርባ ቀን ውሃ ይፈልጋል። እንግዲህ ሌላ ሞተር ከእኛ ካላገኘች ግመሏም ድካሟም ውሃ በላው ማለት ነው።

ግራር ሥር ጄሪካን ገልብጣ አስቀመጠችኝ። ሞተሩ ከኋላዋ እየሠራ ነበር፤ ቤንዚንና እርጥብ አፈር ይሸታል፣ ውሃው በመደቦቹ መሀል ሲሄድ ፀሐይ ያብለጨልጨዋል። እንደ አገሩ ወግ ኤዶ፣ አክስቴ፣ አልኳት፤ እሷም አባዮ፣ እህቴ፣ አለችኝ። ቅጹን ዘረጋሁ።

ስንት ከብት እንዳላት ጠየቅኋት። አልሐምዱሊላህ፣ አለን፣ አለች። እዚያ አገር ሰው ከብቱን ቆጥሮ ለእንግዳ አይናገርም፤ ዓይን ያርፍበታል። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ዜሮ ጻፍኩ።

የሥራዋ ውጤት በማን እጅ እንደሆነ ጠየቅኋት። በአላህ፣ አለች። ቅጹ ላይ «በራሴ ጥረት» የሚለው አምስት ነው፤ «በዕድል ወይም በሌላ ኃይል» የሚለው አንድ። አንዱን አከበብኩ። በሚመጣው ዓመት የት ለመድረስ እንዳቀደች ጠየቅኋት። ነገን ማን አየው፣ አለች። ነገ እንዲህ እሆናለሁ ብሎ መፎከር እዚያ ነውር መሆኑንም አውቃለሁ። አሁንም አንድ።

መጨረሻ ላይ ዋናው ጥያቄ መጣ፤ ኪሳራ ሊያመጣ የሚችል ሥራ ለመጀመር ምን ያህል ይደፍራሉ? በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«እኔ ምስኪን ሴት፣ ምን እደፍራለሁ?» አለች።

ይህን ስትለኝ ጉድጓዱ ከኋላዋ ይታየኛል። የሰው ቁመት አራት እጥፍ የሚጠልቅ ጉድጓድ! የቅጹ ዳርቻ ላይ ትንሽ መስመር ልጽፍ ብዕሬን አነሣሁና የአስተባባሪው ቃል ትዝ አለኝ። ባጄ ይነጠቃል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት ብፈልግም የለኝም። አንድን አከበብኩና ፈረምኩ።

ሞተር ያገኙ ሰዎች ዝርዝር በሁለተኛው ሳምንት ተለጠፈ። ከላይ የተቀመጠው ስም ከተማ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው ነው። የአጎቱን ልጅ መሬት የእኔ ብሎ አስመዝግቧል። ባልደረባዬ ቅጹን የሞላለት ሱቁ ውስጥ፣ በአሥር ደቂቃ ነው፤ ሁሉንም አምስት፣ አምስት ብሎ መለሰ። እደፍራለሁ፣ አቅጃለሁ፣ ሁሉም በእጄ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ችግኝ ተክሎ አያውቅም! ሞተሩ ከነካርቶኑ ሱቁ በር ላይ ለሽያጭ ቆሞ በዓይኔ አየሁት።

አስተባባሪው ቢሮ ገባሁ። ስለ ግመሏ፣ ስለ አንበጣው፣ ስለ ጉድጓዱ ነገርኩት። ከእሷና ከባለ ሱቁ ማን ነው ደፋር ብዬ ጠየቅሁት፤ ድምፄም ሳይጮህ አልቀረም። ፋይሉን አገላብጦ ቅጹን አወጣና ወደ እኔ አዞረው።

«መረጃውን የሰበሰብሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። «ይኸው ፊርማሽ።»

ስልኩን ማየት ጀመረ፤ እኔም ወጣሁ።

ዛሬ ከእነዚያ ቅጾች የተጻፈው ጥናት ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ መቀመጡን አውቃለሁ፤ ለስብሰባ የገባሁበት ቢሮ ውስጥ አይቼዋለሁ። የአካባቢው ኅብረተሰብ ደፋር አይደለም ይላል። ዝናብ በሌለበት ሰማይ ሥር ዕድሜውን ሙሉ ዘር የሚበትን ሕዝብ ደፋር አይደለም! ይህን የጻፈው ደመወዙ በወሩ መጨረሻ የማይቀርበት ሰው ነው። እኔም አሁን እንደ እሱው ደመወዝተኛ ነኝ።

የባሏ ወንድም ሞተሩን በቀኑ ወሰደ። ወሬውን ስሰማ ልቤ አላርፍ ብሎኝ ከወር በኋላ በባጃጅ ሄድኩ፤ ከአስፋልቱ በኋላ ያለውን በእግሬ። ገና ሳልደርስ የደረቀ የሽንኩርት ቅጠል ሽታ ተቀበለኝ። ከሃያው መደብ አሥራ ሰባቱ ገለባ ሆኗል። ሦስቱን እሷና ልጆቿ በጄሪካን እየቀዱ፣ በአህያ እያመላለሱ አትርፈዋቸዋል። ያለ ሞተሩ ድምፅ ወንዙ ዳር ጭር ብሎ ነበር።

ሴትዮዋ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ጨበጠችኝ። ስለ ሞተሩ አንድም ነገር አላነሣችም፤ እናቴ ደህና መሆኗን ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ ያልቻልኩት። ኤዶ፣ ሞተሩ የቀረብሽ በእኔ ነው፣ አልኳት። ምን ጽፈሽ ነው፣ አለች። ስለ ድፍረትሽ አንድ ብዬ ነው፣ አልኳት።

«ከስንት?»

«ከአምስት።»

ቁጣዋን ጠበቅሁ፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሶማሊኛ ታውቂያለሽ ብዬ ነበር እኮ፣ አባዮ» አለችኝ።

ከዚያ ከሦስቱ መደቦች ወደ አንዱ ሄዳ አጎነበሰች። ከተረፉት ሽንኩርቶች ትልልቆቹን መርጣ ነቀለች፣ አፈራቸውን አራገፈች፣ ሻርፔን ከትከሻዬ ላይ ወስዳ ለእናቴ ቋጠረችልኝ።