ትንፋሼን ይዤ ከባቲ ከሚሴ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ባቲ

ከባቲ የተነሳሁት ይህ ሳል ምን እንደሆነ ላውቅ ነው። ብርድ ነው፣ አቧራ ነው፣ ዓይን ነው ሲባል ከረመ። እኔ ደግሞ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ምንነቱን ያላወቅኩትን ነገር ቤቴ አላስቀምጥም። ትናንት ገበያ ላይ ለአፋሯ ደንበኛዬ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ላወርድ ስል ትንፋሼ ቁርጥ አለና እዚያው ጣቃው ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ ያጠጣችኝ እሷ ናት። ገና በአርባ ስምንት ዓመቴ! ገበያ መቆም ካቃተኝ ምን ልሆን ነው?

ማታ ለባለቤቴ ለሰይድ፣ "ከሚሴ እህቴ ጋ ሄጄ ሆስፒታል እታያለሁ" አልኩት።

"ቲቢ ነው ቢሉሽስ?"

"ይበሉኛ! ቲቢ መድኃኒት አለው። መድኃኒት ያጣሁት ለመታፈኑ ነው።"

ኮምቦልቻና ጨፋ

ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ፤ እኔም አብሬው። ስስል አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ፊታቸውን አዞሩብኝ።

"አይዞዎት አባባ፣ መስኮቱን ልክፈተው" አልኳቸው።

እፍር አሉና ሳቁ። "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያሽርሽ።"

ኮምቦልቻ መናኸሪያ ውስጥ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እስክደርስ ሁለቴ ቆምኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው እኮ አንድ ቀሚስና ፎጣ ብቻ ነው።

ሀርቡን ስናልፍ የጨፋ ሜዳ ተዘረጋ። ማሽላው ራሱን ደፍቷል፤ ጤፉ ቢጫ ሆኗል፤ ቦርከና ወንዝ ዳር ከብቶቹ ሆዳቸው ድረስ ሳር ውስጥ ገብተዋል። መንገድ ዳር የተጠበሰ የማሽላ እሸት ገዛሁ። ትኩስ ነው፣ ይጣፍጣል፤ ግን እያኘኩ መተንፈስ አቃተኝና አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት ሰጠኋት። እዚህ ላይ እንባዬ መጣ። እሸት መብላት እንኳ ይቅርብኝ?

ረቡዕ፣ ከሚሴ

ታናሽ እህቴ ዘይነብ ማክሰኞውን ባጃጅ ይዛ ጠብቃኝ ነበር። "አካም ጅርታ እቴ?" ብላ በኦሮምኛ ደህንነቴን ስትጠይቀኝ "ፈያ፣ አልሃም..." ብዬ ሳሉ አላስጨረሰኝም። በማግስቱ ክንዴን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

አክታ ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ በቱቦ ንፊ ተብዬ እስኪያዞረኝ ነፋሁ። ከሰዓት ዶክተሯ ጠራችን።

"ሲጋራ ያጨሳሉ?"

"አዑዙ ቢላህ!"

"በእንጨት ነው የሚያበስሉት?"

"ድሮ ነበር። አሁን በኤሌክትሪክ ነው።"

"ሌላ ጭስ የለም?"

"የለም።"

ዘይነብ ጎኔን ነካችኝ። "እቴ፣ ወይባውስ?"

"እሱማ መድኃኒቴ ነው!"

የእኛ አገር ሴት ጉድጓድ ውስጥ የወይባ እንጨት አንድዳ፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ጭሱን ትሞቃለች፤ ለወገብም ለውበትም። ሌላዋ አንገቷን ውጭ ታደርጋለች። እኔ ግን ሳሉ ከያዘኝ ወዲህ ጭሱ ይጠርግልኝ ብዬ ጭንቅላቴንም ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገብቼ እሞቅ ነበር፣ በየሳምንቱ። ይህንኑ ለዶክተሯ ነገርኳት።

"ቲቢ አይደለም" አለች ዶክተሯ። "የሳንባዎ ቱቦዎች ጠበዋል። የድሮው የማጀት ጭስ ጀመረው፣ ወይባው አባባሰው። ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል። ጭሱን ካቆሙና መድኃኒቱን በትክክል ከወሰዱ ግን ይቀልዎታል፤ ሥራዎንም ይሠራሉ።"

በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት አጠቃቀም አሳየችኝ። ሲያፍነኝም በአፍንጫዬ ስቤ፣ ትኩስ ሻይ እንደማበርድ በከንፈሬ ቀስ አድርጌ እንዳወጣ አስተማረችኝ።

ወላሂ ተናደድኩ። ዶክተሯ ላይ አይደለም፤ ያ ሁሉ ላብ ያለቀበት ጉድጓድ ላይ ነው።

ሐሙስ፣ ቤቴ

ስገባ ሰይድ ጓሮ ቆሟል። ወይባውን ጉድጓዱ ውስጥ ደርድሮ፣ ብርድ ልብሱን አዘጋጅቶ፣ ክብሪት በእጁ ይዟል።

"ከመንገድ ደክሞሽ ትመጫለሽ ብዬ..."

አንጀቴን በላው። የሆነውን ሁሉ ነገርኩትና ክብሪቱን ተቀብዬ አካፋ አነሳሁ። ከጉዞው ያተረፍኩት ይህ ነው፦ ለሳል የሚደረገውን ሁሉ ሳደርግ፣ ሳሉ ከምን እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሁለት አካፋ አፈር ደፋሁና ቆምኩ። ሻይ እንደማበርድ ተነፈስኩ። ደግሜ ደፋሁ። ሰይድ አካፋውን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

"ተወኝ፣ እኔው ልድፈነው" አልኩት። "አንተ ጣቃዎቹን ከላይኛው መደርደሪያ አውርድልኝ። ሰኞ ገበያ አለኝ።"