ቲማቲም የተቀመጠበት ዑድ

ሥራዬን የጀመርኩት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ጁስ ቤት፣ መብራት በጠፋበት ረፋድ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ስምንት ዓመት የአንድ የባህል ቡድን ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዑዱን፣ ኪቦርዱን አስፈርሜ አወጣለሁ፤ ሲመለስ አገላብጬ አይቼ እረከባለሁ፣ የተሰበረውንም እጠግናለሁ። ጡረታ ወጥቼ ሁለት ወር እንኳ ሳልቀመጥ አብዲ ደወለልኝ።

አብዲ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሰርግ ሲገኝ ደግሞ ኪቦርድ ይጫወታል። ያን ጊዜ በስልክ ግሩፕ ላይ ካገኘው፣ ጨርሶ ከማያውቀው ሰው ኪቦርድ ሊገዛ ነበር።

«አስቱ፣ አንቺ ዕቃ ታውቂያለሽ። ነይ እይልኝ፣ ጁሱ በእኔ ነው» አለኝ።

ሻጩ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ኪቦርዱን በአዲስ ጨርቅ ጠቅልሎ ይጠብቀናል። «መብራት የለም እንጂ ድምፁን ብትሰሙት! ግድ የለም፣ ከፍላችሁ ውሰዱትና ማታ ቤታችሁ ሞክሩት» አለን። እኔ ከቦርሳዬ ስድስት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ አወጣሁ። ብዙ ኪቦርድ በሆዱ በኩል ባትሪ እንደሚቀበል ሻጮች ይረሱታል፤ ወይም የረሱ ይመስላሉ። አበራሁትና ከታች ጀምሬ እስከ ላይ አንድ በአንድ ነካሁት። ስድስት ጥቁር ቁልፎች ዲዳ ናቸው።

«አቦ፣ ጥቁሩን ማን ይነካዋል?» አለ ሻጩ። «ሰርግ ላይ ሁሉም በነጩ ነው የሚሄደው። ቅኝቱን ከፍ ዝቅ ማድረጊያ አለው አይደል እንዴ?»

እውነት ለመናገር ሰውየው አልዋሸም። እኔ ከማውቃቸው የሰርግ ተጫዋቾች ግማሾቹ ጥቁሩን የሚነኩት አቧራ ሲጠርጉ ብቻ ነው። ቢሆንም አብዲ ጁሱን ጨርሶ ሳይገዛ ተነሣ። በሳምንቱ ስልክ ቁጥሬን ለአምስት ጓደኞቹ ሰጥቶ አገኘሁት። እኔም ሳላስበው ባለ ሥራ ሆንኩ።

ከዚራ ሰፈር አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ተከራየሁ። ሥራዬ ያገለገለ የሙዚቃ መሣሪያ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ሲሸጥ ዕቃውን መፈተሽ ነው። ሰው ደላላ ይለኛል፤ ይህ ያናድደኛል። ደላላ ዋጋ ያስማማል፣ እኔ ዋጋ ውስጥ አልገባም። «ፈታሽ ነኝ» እላለሁ። አብዲ «ሐዬ፣ እሺ፣ ፈታሿ ደላላ» ብሎ ያሾፍብኛል።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ፎቶ ነበር። አንድ ሳክስፎን በአንድ ወር ውስጥ አራት ሰዎች በአራት ከተማ ሲሸጡት አየሁ። ሳክስፎኑ ያው፣ ከጀርባው ያለው አበባማ መጋረጃም ያው። ከዚያ በኋላ ለሻጭ ሁሉ «ዕቃው ላይ እንቁላል አስቀምጥና ፎቶ አንሥተህ ላክ» ማለት ጀመርኩ። የሰው ፎቶ የሚሰርቅ ሰው እንቁላል ያለበት ፎቶ ከየት ያመጣል? አንዳንዱ ይሰድበኝና ስልኩን ይዘጋል፤ ዕቃው በእጁ ያለ ግን እየሳቀም ቢሆን ይልካል።

ሌላው ልማዴ ቪዲዮ ነው። ዕቃ ስረከብ ስልኬን አስደግፌ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳልቆርጥ እቀርጻለሁ፤ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ አንገቱን፣ ድምፁን። በኋላ ክርክር ሲነሣ ቪዲዮው ይፈርዳል። በዚህ ቪዲዮ ብዙ ሰው አፉን ዘግቷል፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር።

አብዲ አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ ስልኩን ዘረጋልኝ። አዲስ አበባ የሚሸጥ ዑድ ነው፤ ሆደ ጎድጓዳ፣ ባለ ክር የዐረብ መሣሪያ። እሱ በሶማልኛ ካበን ይለዋል። አባቱ ካበን ይጫወቱ ነበር፤ ስለ እሳቸው ሲያወራ ያ ሁሉ ቀልዱ ይጠፋል። «አስቱ፣ ይሄን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምፈልገው» አለኝ። ሻጯ ወይዘሮ የሺ ይባላሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ዑዱ የሟቹ ነበር።

ደወልኩ። «ሰላም ነሽ? ስለ ዑዱ ነበር» አልኩ። «ማን ልበል?» አሉኝ ቀዝቀዝ ብለው። ሰባ ያለፋቸው ሴት መሆናቸውን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ድሬ ላይ ልጁንም ሽማግሌውንም አንተ ማለት ለምዶብናል፤ ማንም አይቀየምበትም። ለወይዘሮ የሺ ስል እርስዎ ማለት ጀመርኩ፤ በአንቺ የጀመርኩትን ግማሽ መንገድ ላይ በእርስዎ እያረምኩ ላብ በላብ ሆንኩ።

«እንቁላል ያስቀምጡበትና ፎቶ ይላኩልኝ» አልኳቸው።

«እንቁላል? ጾም ነው እኮ ልጄ። ቤቴ ውስጥ የለም።»

«እሺ፣ ያለዎትን ያስቀምጡ።»

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፎቶው መጣ። ዑዱ ሶፋ ላይ ተጋድሟል፣ ፊቱ ላይ አንድ ቀይ ቲማቲም አለ። ከሥሩ «ቲማቲሙ አይሸጥም» ብለው ጽፈዋል። ወዲያው ወደድኳቸው። በድምፅ ማውጫው ቀዳዳ በኩል ውስጡ የተለጠፈ ወረቀት ይታያል፤ ሟቹ ስማቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈውበታል።

ዑዱ ጾሙ በተፈታ ሳምንት፣ ሐሙስ አመሻሽ በአውቶቡስ ደረሰ። ዓርብ ጠዋት ሱቄ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቼ እንደ ልማዴ ቀረጽኩት። ፊቱ ሙሉ ነው፣ ጭረት እንኳ የለውም። ክሮቹን ወጥሬ ቃኘሁት፣ ጥቂት ነካካሁት። ድምፁ ሞቅ ያለ ነው። አብዲ ሰርገኛ ይዞ ጅጅጋ ሄዶ ነበር፤ ደውዬ «ንጹሕ ነው» አልኩት። እሱም በኔ ቃል ክፍያውን እዚያው ሆኖ ላከላቸው። «አብሽሪ፣ ሰኞ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ እንጨት ትንሽ ልናገር። የደጋ እንጨት ወደ ቆላ ሲወርድ ይደርቃል፤ ይህን የግምጃ ቤት ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። እንዳይሰነጠቅ ክሮቹን ማላላት ያስፈልጋል። ቀዳዳ ባለው የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ ተደርጎ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ዕቃው የሚያድረው ግድግዳው ወፍራም በሆነ ቤት ነው። ሁልጊዜ ወደ ቤቴ ይዤው እሄዳለሁ። ያን ዓርብ ግን የእህቴ ልጅ ሰርግ ዋዜማ ነበር፤ ፀጉር ቤት ቀጠሮ ይዤ ተቻኩያለሁ። ዑዱን እንደተወጠረ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት፣ ሱቁን ቆለፍኩና ሄድኩ። ቅዳሜና እሑድ ሙቀቱ ሰው ያቀልጥ ነበር። እኔ ስጨፍር ነበር።

ሰኞ ጠዋት አብዲ ከነአቧራው መጣ። ሳጥኑን ራሱ ከፈተው። የዑዱ ፊት ከቀዳዳው ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ተሰንጥቋል፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨትም በአንድ ጎኑ ተነሥቷል። አብዲ ስንጥቁን በጣቱ ተከተለው።

«ሴትዮዋ በልታናለች» አለ። «ስንጥቁን በሙጫ ለጥፋ ነው የላከችው፣ ሙጫው አሁን ለቀቀ። ወላሂ አንቺን ካታለለች ማንንም ታታልላለች።»

እኔ ስንጥቁን አየሁት። የቆየ ስንጥቅ አቧራ ጠጥቶ ይጠቁራል፤ ተለጥፎ ከነበረ የሙጫ ቅሪት ይኖረዋል። ይህ ውስጡ ነጭ ነው። የተሰነጠቀው በሱቄ፣ በቆርቆሮው ሥር፣ እኔ በወጠርኩት ክር ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። አብዲ እኔን መጠርጠር በሐሳቡም አልመጣም። እኔም «እስቲ ረጋ በል» ብቻ አልኩት።

ለምን እንዳልተናገርኩ አውቃለሁ። ሰው ዕቃውን የሚሰጠኝ አስቱ አትሳሳትም ብሎ ነው። ሱቁም፣ ስሜም፣ ጉራዬም የቆሙት በዚያ ላይ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት አብዲ የስንጥቁን ፎቶ ግሩፑ ላይ አወጣው። «ከዚህች ሴት ተጠንቀቁ» ይላል። ፎቶው ላይ በቀዳዳው በኩል የባለቤታቸው ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሰው ሁሉ ተረባረበ። በሕይወቱ ዑድ አይቶ የማያውቅ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ረጅም ምክር ጻፈ። ሌላው «ሰውየውም ሲኖር ሥራው ይሄ ነበር ማለት ነው» አለ። ስሙን የጻፈው ሰው ይህን ሊመልስ አይችልም።

ማክሰኞ ወይዘሮ የሺ ሁለቴ ደወሉ። አላነሣሁም። ንጹሕ ዋሽንት ሳጸዳ ዋልኩ። ረቡዕም ደወሉ። ሐሙስ ጠዋት የድምፅ መልእክት መጣ።

«ልጄ፣ የወንድሜ ልጅ የጻፉትን አነበበልኝ። ዑዱ ከእጄ ሲወጣ ደህና ነበር። ግን በዚህ ዕድሜዬ ከሰው ጋር አልከራከርም። መልሱልኝ፣ ብሩንም እመልሳለሁ። የሱን ስም ብቻ ከዚያ ላይ አንሡልኝ።»

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። እኔ ላጠፋሁት እሳቸው ሊከፍሉ ነው። አብዲን ጠራሁትና የዓርቡን ቪዲዮ ከፍቼ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። እስከ መጨረሻው አየው።

«ይሄ መቼ ነው?»

«ዓርብ ጠዋት፣ እዚሁ። ክሩን ወጥሬ ትቼው ሄድኩ። የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ፤ ሰኞም አውቄ ነበር።»

ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ጣሪያውን አየ፣ መልሶ ስልኩን አየ። «እኔ ሰውየውን አሰደብኩት አስቱ። የሞተ ሰው» አለ። ፎቶውን ያን ጊዜውኑ አጠፋው። እኔም ቪዲዮውን ሳልቆርጥ ግሩፑ ላይ አወጣሁት፤ ከሥሩ ዑዱ በእኔ ሱቅ፣ በእኔ ስሕተት እንደተሰነጠቀ፣ ሻጯም ባለቤታቸውም ንጹሕ መሆናቸውን ጻፍኩ። በዚያው ሳምንት ሁለት ደንበኞች ዕቃቸውን መጥተው ወሰዱ። አልፈረድኩባቸውም።

ያኑ ሐሙስ ለወይዘሮ የሺ ደውለን ሁለታችንም ይቅርታ ጠየቅን። አብዲ «አንቺ… እርስዎ… እናቴ» እያለ ሲንተባተብ ሳቄ መጥቶ ከንፈሬን ነከስኩ። እሳቸው «እግዜር ይቅር ይበላችሁ» ብለው ዘጉት። አብዲ ዑዱን አልመልስም አለ። ስንጥቁን በቀጭን እንጨትና በሙጫ ለመሙላት፣ የተነሣውን መልሶ ለመትከል ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ በነጻ ነው።

ያለቀ ቀን አብዲ ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ፣ ደውሎላቸው በስልኩ ተጫወተላቸው። ገና ጀማሪ ነው፣ ሁለቴ ሳተ። ወይዘሮ የሺ እስኪጨርስ ጠበቁት፤ «ጎበዝ፣ እሱም እዚያ ጋ ይስት ነበር» አሉት። ቀጥለው «እስቲ ለአስቴር ስጥልኝ» አሉ። ስልኩን ተቀበልኩ።

«መሰንጠቁን ተዪው፣ እንጨት ነው» አሉኝ። «ማክሰኞ ስደውል ስልኩ አጠገብሽ ነበር?»

«ነበር» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። ስልኩን ዘጉት።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ከደጋ የመጣ የእንጨት መሣሪያ ክሩን አላልታችሁ አስቀምጡት፣ በቆርቆሮ ቤት አታሳድሩት። በእጃችሁ ከተበላሸ በዚያው ሰዓት ለሻጩም ለገዢውም ደውሉ። እኔ የደወልኩት በአራተኛው ቀን ነው።