የዋንዛው በርና የኢተርኔቱ ካርድ

ፍኖተ ሰላም ከሚገኘው የጋሽ አንዳርጌ የእንጨት ሥራ ቤት የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ዝናብ ነበር። ጋሽ አንዳርጌ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ አንድ ቁራጭ ሳንቃ ሰጡኝና የእንጨቱ መስመር ወዴት እንደሚሄድ በጣቴ እንድፈልግ አዘዙኝ። ቀኑን ሙሉ እንጨት ስዳብስ ዋልሁ። መሮ ያስያዙኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብና የመላጊያው ድምፅ ተደባልቀው አንድ ነገር ሆነው ቀርተዋል። ዛሬም ክረምት ሲገባ የቱ ዝናብ፣ የቱ መላጊያ እንደሆነ መለየት ያቅተኛል።

ከእሳቸው ጋር ብዙ ዓመት ሠራሁ። መጀመሪያ ጠራጊ፣ ቀጥሎ ላጊ፣ በመጨረሻ የሐረግ ጌጥ ቀራጭ ሆንሁ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቤቱን ለእኔ ትተው ልጃቸው ዘንድ አዴት ሄዱ።

ከዚያ አንድ ማሽን ሠራሁ፤ ለጨዋታ ነበር። ሲኤንሲ ይሉታል፤ በኮምፒውተር እየተመራ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ነው። አካሉን በቱቦላሬ በየድሁት። ሦስቱን ሞተሮች ከተጣሉ ዕቃዎች ፈታሁ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነበር፤ ከኋላው ለድሮ ማተሚያ የሚሆን ሰፊ መሰኪያ፣ ፓራሌል ፖርት የሚሉት፣ ስለነበረው ብቻ ወሰድሁት። ሞተሮቹ በዚያ በኩል ይታዘዙ ነበር።

ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ድምፅ አለው፤ ሦስቱ አብረው ሲዞሩ የሚያዜሙ ይመስላሉ። ከሰዓት በኋላ ጉም ሲወርድ በሩን ገርበብ አድርጌ ወንበር ላይ እቀመጥና የእንጨቱ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ አያለሁ። አንዳንዴ ዜማው ድንገት ይሰበራል። የምቀርጸው መስቀል ወይም ማንኪያ ይጣመማል። መብራት ነው እልና ሌላ እንጨት እጭናለሁ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ሄደ።

አያ ቢያድግልኝ ከቡሬ ገጠር የመጡት በዚህ መሐል ነው። አራሽ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ንግግራቸው ቁጥብ። ሚስታቸው ባለፈው ዓመት አርፈዋል። ሴትዮዋ በሙሽርነታቸው የተከሉትን ዋንዛ ቆርጠው ለአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ባለ ሁለት ተካፋች በር ሊያሠሩበት ፈለጉ። ዛፉ ሦስት ሰፋፊ ሳንቃ ወጥቶታል፤ ሁለቱን አመጡልኝ። በሩ ለታቦቱ ንግሥ፣ ለኅዳር፣ እንዲደርስ ተስማማን።

የመጀመሪያውን ሳንቃ በነሐሴ ጫንሁት። ሐረጉ ከታች ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወጣ። ግማሹን አልፎ እኔም በድምፁ ፈዝዤ ሳለሁ ዜማው ተሰበረ። ቢላው በሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ዘለለና እዚያው መቅረጹን ቀጠለ። ደንግጬ ማቆሚያውን ቁልፍ ስጫን አልፏል። በሳንቃው መሐል ጠባሳ ተቀምጧል። በመሮ ላስተካክለው ብዬ አየሁት፤ ጥልቅ ነበር።

በማግሥቱ ሳንቃውን በጆንያ ጠቅልዬ አያ ቢያድግልኝ ዘንድ ሄድሁ። መንገዱ ዳር በቆሎው ከሰው በላይ ቆሟል፤ በመኪናው መስኮት እንደ ውኃ ያልፋል። ምነው ባልደረስሁ እያልሁ ደረስሁ። እሳቸው ጆንያውን ገልጠው ሐረጉን በመዳፋቸው ተከተሉት። የዘለለበት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"ማን አበላሸው?" አሉኝ።

"ማሽኑ ዘለለብኝ አያ።"

"ማሽኑን ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"ለምን ዘለለ?"

"እንጃ። መብራቱ ይሆናል።"

ሳንቃውን በጆንያው መልሰው ሸፈኑት። ከዚያ "በ'ይሆናል' ላይ በር አይሰቀልም" አሉኝ።

ወደ ውስጥ ይዘውኝ ገቡና ወደ ቆጡ አመለከቱኝ። ሦስተኛው ሳንቃ እዚያ ተጋድሟል። ለሬሳ ሣጥናቸው ያስቀመጡት እንደሆነ፣ እሳቸው ግን በሰሌንም ቢሄዱ ግድ እንደሌላቸው ነገሩኝ። "ለምን እንደዘለለ አውቀህ ስትመጣ ውሰደው" አሉ። እንድቀመጥ ጋበዙኝ፤ እህል ውኃ ሳልል መውጣቱ ነውር ስለሆነ ተቀመጥሁ። የበላሁት ግን ምን እንደነበር አላስታውስም።

ትዕግሥት የምትባል የቡሬ ልጅ፣ ወላጆቿ ከአዊ የሆኑ፣ በአንድ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ባለሙያ ናት። ቀድሞ በር ሠርቼላት እንተዋወቃለን። ጉዳዩን ስነግራት ቅዳሜ መጣች። ማሽኑን ዞራ አየችና ምንም ሳትነካ፣ በዘለለ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኋት። ጽፌ ይዤ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልጻፍሁም። ፊቷን ወደ ማሽኑ መለሰች፤ ያን ጊዜ አፈርሁ።

ቢላውን አውልቃ በቦታው እርሳስ አሰረች። ከሥሩ ወረቀት ዘርግተን አንድ ክብ ደጋግመን አሳልነው። ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ ሳይኖረው ክቡ በተነሣበት ነጥብ ላይ ይዘጋል። ትዕግሥት ሌላ ፕሮግራም ስትከፍት ግን እርሳሱ ይደናበርና ክቡ አፉን ከፍቶ ይቀራል። የገብስ ቅንጣት የሚያስገባ ክፍተት። ደግመን ሞከርነው፤ ያው ነው። መብራቱ ያን ቀን አንድም ጊዜ አልሄደም።

"ጋሼ፣ ይኼ ኮምፒውተር ዜማውንም ይመራል፣ ከበሮውንም ይመታል" አለችኝ። ሞተሩ አንዲት እርምጃ እንዲራመድ አንዲት የኤሌክትሪክ ምት መድረስ አለባት። ኮምፒውተሩ ሐሳቡ በተከፈለ ቁጥር ምቱ ይዘገያል፤ ሞተሩም እርምጃ ይስታል። መፍትሔው ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር በሚያያይዘው የኢተርኔት ገመድ የሚገናኝ የመቆጣጠሪያ ካርድ ነው አለች። ኮምፒውተሩ መንገዱን አስቀድሞ ለካርዱ ይልካል፤ ምቱን ካርዱ ራሱ ይመታል።

ካርዱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መስከረም አለቀ። መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ሰሌዳ ናት። የሞተሮቹን ሽቦዎች ከአሮጌው መሰኪያ አንድ በአንድ እየነቀልሁ፣ በየጫፋቸው ወረቀት እየለጠፍሁ ወደ አዲሷ አዞርኋቸው። ኢተርኔቱን ሰካሁ። ምንም የለም። ኮምፒውተሩ ካርዷን አያያትም። ለትዕግሥት ደወልሁ። የሁለቱ አድራሻ ቁጥሮች አንድ ሰፈር መሆን እንዳለባቸው፣ የመጨረሻው ቁጥር ብቻ እንዲለያይ ነገረችኝ። የኮምፒውተሩን ቁጥር በእጄ ቀየርሁ፤ ወዲያው ተያዩ።

አንደኛው ሞተር ወደ ኋላ ሄደ፤ አቅጣጫውን ገለበጥሁ። ሌላው አሥር ሳንቲ ሂድ ሲባል አምስት ሄደ፤ የእርምጃውን ቁጥር አስተካከልሁ። ከዚያ እርሳሱ ክቡን ዘጋ። ሌላ ፕሮግራም ከፈትሁበት፤ አሁንም ዘጋ። በአንድ ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ እንደዞረ እንጃ፤ መስመሩ አንድ ብቻ ሆኖ እየጠቆረ ሄደ። ቁጭ ብዬ እያየሁ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ቢላውን የሚያዞረውን ትልቁን ሞተር ስከፍት ግን ሁሉ ነገር ቀጥ ብሎ ቆመ። ኮምፒውተሩ ማሽኑ ዳር ነካ ይላል፤ ማሽኑ ግን መሐል ላይ ነው። የድሮው ሰው ብሆን መብራት ነው ብዬ እቀጥል ነበር። አሁን ደብተር አወጣሁ። ሲከፈት ይቆማል፤ ሲዘጋ አይቆምም። የትልቁን ሞተር ገመድ ማሽኑ ዳር ሲደርስ ለኮምፒውተሩ ከሚነግሩት ዳር ጠቋሚዎች ቀጫጭን ሽቦዎች ጋር አብሬ በአንድ ክር አስሬው ነበርና የእሱ ረብሻ ወደነሱ እየገባ ነው። ለየኋቸው። ቀጫጭኖቹን የብረት ሽፋን ባለው ገመድ ተክቼ ሽፋኑን ከመሬት ሽቦ ጋር አገናኘሁ። ሦስት ቀን እያሠራሁ ጠበቅሁት። አልቆመም። ሁለተኛውን ሳንቃ ጫንሁና ሐረጉ ከታች እስከ ላይ ያለ እንከን ወጣ።

ጥቅምት ላይ ወደ አያ ቢያድግልኝ ተመለስሁ። ስለ ምቱም፣ ስለ ካርዱም፣ ስለ ገመዶቹም አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ገባኝ" አሉ። "ቀድሞ አራሹም በሬውም አንድ ነበር ማለት ነው።"

"እንደሱ ነው አያ።"

"አሁንስ አይዘልልም?"

"ሊዘልል ይችላል። ቢዘልል ግን ምክንያቱን አገኘዋለሁ።"

መሰላሉን ራሳቸው አቆሙ። እኔ እወጣለሁ ብላቸው እንቢ አሉ። ከላይ ሆነው ሳንቃውን አቀበሉኝና አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

ያን ሳንቃ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ቆሜ አሠራሁት። ሦስቱ ሞተሮች ያለማቋረጥ አዜሙ። ማቆሚያው ቁልፍ ላይ እጄን እንዳሳረፍሁ ነበር፤ አላስፈለገኝም። የቀረውን ጥጋጥግ በመሮ ጨረስሁት።

በኅዳር በሩን ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ስንሰቅል የቡሬ በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ አገሩ ቀልቷል። ምእመናኑ ገለል ብለው ለአያ ቢያድግልኝ መንገድ ለቀቁ። እሳቸው ሁለቱን ተካፋች ቀስ ብለው ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ።

"ንቦች አበባውን ይወዱታል ብላ ነበር የተከለችው" አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም፤ ደጁን ተሳልመው ገቡ።

ማሽናችሁን ከፓራሌል ፖርት ወደ ኢተርኔት ካርድ ለመቀየር ያሰባችሁ ቀይሩ፤ ይጠቅማል። ከመቀየራችሁ በፊት ግን ማሽኑ ለምን እንደሚስት በእርሳስና በወረቀት አረጋግጡ፤ ያያችሁትንም ጻፉ። ምክንያቱን ሳታውቁ የሰው እንጨት አትጫኑ።