ለሁለት ጊታር የመረጥኩት አምፕሊፋየር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳን ተናግሬው አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር እሱን ዘልዬው አልፋለሁ። እንቅልፍ ነስቶኝ አያውቅም። ምናልባት የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

በጋምቤላ ክልል ያለችው የትንሿ ከተማ የመቲ ልጅ ነኝ። ጋምቤላ ከተማ የገባሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው። አሪየት የምትባል የአኙዋ ልጅ እዚያ አወቅኩ። ድምፅ ማጉያ የሚሰካበት የእንጨት ቦክስ ጊታር ትጫወታለች፤ የተማረችው ከቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ነው። እኔ ኤሌክትሪክ ጊታር ነበረኝ፤ ጃዝ እወዳለሁ። ጃዝን ያስለመድኳት እኔ ነኝ፤ በጥቂት ወራት ግን ጣቶቿ እኔ በዓመታት ያልደረስኩበት ደረሱ። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ባሮ ዳር ባለ ሆቴል ግቢ፣ ማንጎ ዛፍ ስር አብረን መጫወት ጀመርን። ሰው የሚያጨበጭበው ለእሷ ነበር። አላየሁም? አይቻለሁ። እያንዳንዱን ጭብጨባ አይቻለሁ።

ግቢው ሰው ሲበዛበት፣ በእኔ ትንሽ አሮጌ ድምፅ ማጉያ የጊታሮቻችን ድምፅ አልደርስ አለ። የሆቴሉ ባለቤት ሐጂ፣ "አንድ አምፕሊፋየር እገዛላችኋለሁ፤ ተካፈሉት" አሉን። አዲስ አበባ የምሄደው እኔ ነበርኩ። አሪየት ጊታሯን አስያዘችኝና፣ "አንተ ታውቃለህ፤ ለሁለታችንም የሚሆነውን ምረጥ" አለችኝ።

ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም ጊታሮች በሁለት አምፕሊፋየር ሞከርኩ። በአንደኛው የእሷ ጊታር እንጨቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ተሰማ፤ የእኔም ደህና ነበር፣ ደህና ብቻ። በሌላኛው የእኔ ድምፅ ወፍራምና ለስላሳ ሆነ፤ የእሷ ቆርቆሮ ቆርቆሮ አለ፣ ከፍ ሳደርገው ደግሞ ይጮሃል። ሻጩ፣ "ለሁለቱም ከሆነ የመጀመሪያውን ውሰድ፤ ይሄኛው ለኤሌክትሪክ ነው" አለኝ።

ሰምቼዋለሁ። እያወቅኩ ሁለተኛውን ወሰድኩ።

በመጀመሪያው እሁድ ጊታሯ ጮኸባት። ሰው ጆሮውን ያዘ። ስንጨርስ መጥታ፣ "ጊታሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?" አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ስንት ቃል ይፈጃል? እኔ ግን፣ "እጅሽ ከባድ ነው አሪየት። ክሩን ትደበድቢዋለሽ" አልኳት።

አልኳት። ማንም አላስገደደኝም። አምፕሊፋየሩን መመለስ ይቻል ነበር፤ ይህን ቃል ግን አልመለስኩትም።

አራት እሁድ ታገለች፤ ክሩን እንደ ትኩስ ነገር እየፈራች ትነካዋለች። በአምስተኛው አልመጣችም። ጊታሯን ለመዘምራኑ ሰጠች፤ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ በአስተርጓሚነት ተቀጠረች። ብቻዬን ተጫወትኩ። ተጨበጨበልኝ። ምን ተሰማኝ? ምንም።

ዘንድሮ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኢታንግ መኪና ስጠብቅ አገኘኋት። አቅፋ ሰላም አለችኝ።

"አሁንም ትጫወታለህ?"

"አልፎ አልፎ።"

"እኔ በዚያው ተውኩት። ልጄ ጊታር ካልተማርኩ ብላ አስቸገረችኝ። እጅሽ የእኔን ነው የሚመስለው፣ ይቅርብሽ አልኳት።" ፈገግ አለች። "ያኔ ሰው ሁሉ አፍሮ ዝም ሲለኝ እውነቱን የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ልናገር የምችልበት ጊዜ ነበር። ከፊቴ ቆማለች፤ መኪናውም ገና አልመጣም።

"ምንም አይደል" አልኳት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ አመስግናኝ ሄዳለች።