የድልድዩ ንድፍ ሁለት ዋጋ

ወለላ ይስሐቅ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መካከል ባለች የቡና ቀበሌ የገበሬዎች አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነበረች። በማኅበሩ ውስጥ ዐሥረኛ ክፍል የደረሰች እሷ ብቻ ስለነበረች የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ በእጇ ያልፋል፤ ያለችውም ይታመናል።

በ1981 መኸር፣ ቡናው በሚለቀምበት ሰሞን፣ ወንዙ ሞልቶ ሦስት ቀን ሰው አላሻግር አለ። ከማዶ የቀረው እሸት ቡና በየጆንያው ሻገተ። አስካለች የምትባል ባልቴት ቡናዋ እንዳይበሰብስባት ተሸክማ ስትገባ ውኃው ጠልፎ ጣላት። ነፍሷ ተረፈች፤ ክንዷ ግን ተሰብሮ እንደተጣመመ ቀረ። ማኅበሩ ድልድይ ለመሥራት የቆረጠው ያን ጊዜ ነው። ጉልበትም ለሲሚንቶ የሚሆን መዋጮም አልታጣም፤ የጠፋው ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስ ነበር።

በመጋቢት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተሰናበቱት ኢንጂነር ኃይለጊዮርጊስ ሚዛን ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው በግላቸው መሥራት ጀመሩ። ወለላም ከእሳቸውና ድልድይ ከሚነድፈው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንድፍ ዋጋ አምጥታ እንድታወዳድር ታዘዘች። መሥሪያ ቤቱ ስምንት መቶ ሰማንያ ብር ጻፈላት፤ እሳቸው ሁለት ሺህ አራት መቶ።

“ጋሼ፣ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው?” አለቻቸው።

“የእኔ ሁሉንም የያዘ ነው፣ ልጄ። የእነሱ ምን ምን እንደያዘ ጠይቂ።”

ወለላ ገበያቸውን ለማዳን ያሉት መሰላት። በእሑዱ ስብሰባ የመንግሥቱ እንደሚሻል ተናገረች፤ ተጨበጨበላት። ለግለሰብ ሥራ መስጠት ነገ ያስጠይቃል ብሎ ይሰጋ የነበረው ሊቀመንበሩ እንድርያስም እፎይ አለ።

በሳምንቱ ለመዋዋል ስትሄድ የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ባዘዘው ወረቀቱን ሳያቀርብላት ቆየ።

“መኪናውንና ነዳጁን፣ የቀያሾቹን ውሎ አበልም እናንተ እንደምትችሉ ታውቂያለሽ?”

“ደብዳቤው ላይ የለም እኮ!”

“የጠየቃችሁት የሙያውን ዋጋ ብቻ ነው። የእኛ ደመወዝ ከበጀት ስለሚወጣ ዋጋችን ያንሳል። የቀረው አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ብር በላዩ ይመጣል። ተራም አለ፤ ሁለት ዓመት ትጠብቃላችሁ።”

ሳትፈርም ወጣች። በቀጥታ ኃይለጊዮርጊስ ዘንድ ሄዳ የሆነውን ነገረቻቸው። አላሾፉባትም። የአፈር መመርመሪያውን ጉድጓድ ገበሬው ከቆፈረ፣ ማደሪያና በቅሎም ካገኙ አራት መቶ ብር እንደሚቀንሱ፣ ንድፉንም በክረምቱ እንደሚያስረክቡ ጻፉላት።

እንድርያስ ግን ፊቱን አጨፈገገ። “አንዴ ተወስኗል። በመንግሥት በኩል ከሆነ ቢዘገይም ማንም አይወቅሰንም። ዝም በይ።”

“የተወሰነው እኔ በተናገርኩት ነው፤ የተናገርኩት ደግሞ ስህተት ነው” አለችው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ቆመችና ሁለቱንም ዋጋ ከነጭማሪው አነበበች። “አጣርቼ መናገር ነበረብኝ፤ ይቅርታ” አለች። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። አንዱ፣ “ባለፈው አምነንሽ ነበር፤ ዛሬስ ለምን እናምንሻለን?” ሲል ጮኸ። ወለላ ወረቀቶቹን ሰጠችው፤ ልጁን አስነብቦ ተቀመጠ። ያኔ አስካለች ተነሣች።

“ብሩስ በሁለቱም ያው ሁለት ሺህ ገደማ ነው። ቶሎ የሚያደርስልን የትኛው ነው?”

“ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ።”

“እንግዲያ ምን ያከራክረናል?”

እጅ ወጣ፤ እንድርያስም ድምፁን ሳይሰጥ ቃለ ጉባኤውን ፈረመ።

ኃይለጊዮርጊስ ጉድጓዶቹን ካዩ በኋላ ሰው የለመደው መሻገሪያ አፈሩ ልል ነው ብለው ቦታውን ወደ ላይ፣ ዐለት ወዳለበት አዛወሩት። መንገዱ ስለረዘመ ብዙ ሰው አጉረመረመ። ድልድዩ በየካቲት 1983 ተጠናቀቀ። በዚያው ሳምንት ባዘዘው ወደ ቴፒ ሲያልፍ መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ ከሥር ገብቶ ዐለቱ ላይ ያረፈውን መሠረት ተመለከተና እዚያው ለነበረችው ለወለላ፣ “እኛም ብንሆን እዚሁ ላይ ነበር የምንተክለው” አላት።